መጀመሪያ ወፉን፣ ቀጥሎ ፌስታሉን፦ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ በካያክ ቆሻሻ አለቃቀም

ቢሾፍቱ ያለው ባቦጋያ ሐይቅ ወንዝ አይገባበትም፣ ወንዝም አይወጣበትም። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጎድጓዳ ነው። ውሃው የዝናብና የከርሰ ምድር ነው። ጣና ላይ የወደቀ ፌስታል ዓባይ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ባቦጋያ ላይ የወደቀ ግን ሰው ካላወጣው እዚያው ነው። ነፋስ ከዳር ዳር ሲያንገላታው ይቆይና መጨረሻ ላይ ፊላው ውስጥ ይሸጎጣል።

ፊላው ደግሞ ባዶ ቦታ አይደለም። ወፎቹ የሚተኙበት፣ የሚደበቁበትና የሚፈለፍሉበት ነው። ቆሻሻው የሚከማችበትና ወፎቹ የሚኖሩበት ቦታ አንድ ስለሆነ ዝም ብሎ ገብቶ መልቀም አይቻልም። ይሄን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። መጀመሪያ በወጣሁበት ሰሞን የበሰበሰ አረም ላይ የተጠመጠመ ፌስታል አየሁና በመንጠቆ ሳብኩት። አረሙ ተገለበጠ። ከሥሩ እንቁላል ነበረ። ሁለቱ ውሃ ውስጥ ገቡ። እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ያ ነገር እንዳይደገም የተሠራ ነው።

ቀኑና ሰዓቱ

ሁለት ነገር አንድ ላይ የሚገጥመው ከመስከረም አጋማሽ እስከ የካቲት ነው። በክረምቱ ጎርፍ ከዳገቱ ታጥቦ የወረደው ቆሻሻ ውሃው ላይ ይታያል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ዳክዬዎችም በዚሁ ጊዜ ይመጣሉ። በክረምት መውጣት ይቻላል፤ ግን ሰማዩ ሲያጉረመርም ውሃ ላይ መገኘት አደገኛ ነው። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ውጡ፣ ሌላ ምክር የለኝም።

ሰዓቱ ጠዋት ነው። ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ውስጥ ትወጣለች። ልክ ስትወጣ ውሃው ላይ ሁኑ። በዚያ ሰዓት ሐይቁ እንደ መስታወት ነው። ነፋሱ ብዙ ጊዜ ረፋዱ ላይ ይነሳል፣ ሞተር ጀልባዎቹም ይጀምራሉ። እኔ 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ከውሃ ወጥቻለሁ።

ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በዚያ ሰዓት ለመድረስ ከመንዳት ማታውኑ ሄዶ ማደር ይሻላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ከሆነ ጠዋት ላይ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ነው። ቀኑን ለዚህ ብቻ አውሉት እንጂ ሌላ ነገር አትጫኑበት፤ ከወፍ ጋር የሚውል ሰው ቸኩሎ አያውቅም።

ካያኩና ፈቃዱ

የሐይቁ ዳር አብዛኛው በሪዞርትና በግል ግቢ የተያዘ ነው። ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ፣ ያላቸው ሪዞርቶች አሉ፤ ለእንግዳቸው በነፃ የሚሰጡም፣ በሰዓት የሚያከራዩም አሉ። ዋናው ችግር ዋጋው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ካያክ የሚያወጣው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ 2 ሰዓት ወይም 3 ሰዓት ነው የሚገባው። ስለዚህ ማታ እራት ሳትበሉ ኃላፊውን ፈልጉና እንዲህ በሉ፦ «ነገ በ12 ሰዓት ቆሻሻ ልንለቅም ነው፤ ካያኩን ዛሬ አውጡልን።» ቆሻሻ ሊለቀም ነው ሲባል እምቢ ያለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እግረ መንገዳችሁን የለቀማችሁትን የት እንደምታስቀምጡ ጠይቁ። ይሄ ካልተነገረ ጠዋት ሙሉ የደከማችሁበት ማዳበሪያ አጥሩ ሥር ይቀርና ነፋስ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል።

ምርጫ ካለ ከላይ ክፍት የሆነውን ካያክ ውሰዱ፣ ሰው ላዩ ላይ የሚቀመጥበትን። ቢገለበጥ ውሃ አይሞላም፣ መልሶ መውጣትም ይቀላል። ዕቃ ማስቀመጫም አለው። ጠባቡና ፈጣኑ ለስፖርት ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ይወላገዳል።

የሚያዝ ዕቃ

ላይፍ ጃኬት ያለ ድርድር ይለበሳል። ዋና የሚችልም ይልበስ። ባቦጋያ እንደ ላንጋኖ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቁ ቦታ ላይ ወደ 65 ሜትር ይደርሳል። ከዳር ጥቂት ሜትር እንደራቃችሁ እግር መሬት አያገኝም። ጃኬቱን ለብሳችሁ ትከሻውን ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጫችሁን ከነካ ሰፍቷል፣ ማሰሪያውን አጥብቁ።

ለቆሻሻው ሁለት ማዳበሪያ ያዙ፤ የጤፍ ወይም የስኳር ከረጢቱ ጥሩ ነው። ውሃው በሽመናው ውስጥ ይፈስሳል፤ ፌስታል ብትይዙ ግን ውሃውን አቁሮ ይከብዳችኋል። ጎማ ጓንት ላይ ወፍራም የሥራ ጓንት ደርቡ። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቀላል ዱላ አዘጋጁና ጫፉ ላይ የሽቦ መንጠቆ እሰሩ፤ የመንጠቆው ጫፍ ተጠቅልሎ የደነዘዘ ይሁን። ትንሽ መቀስ በገመድ ጃኬቱ ላይ አንጠልጥሉ። ለስለታም ነገር ክዳን ያለው፣ አፈ ሰፊ ባዶ ጀሪካን ያስፈልጋል። ኮፍያ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ስልክ ማስገቢያ ውሃ የማያስገባ ከረጢት።

ባይናኩላር ካላችሁ ደስ ይላል፤ 8 እጥፍ የሚያቀርበው ካያክ ላይ ከ10 እጥፉ ይሻላል፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ብዙም አይዘልም። ከውጭ አገር ለምትመጡ አንድ ማሳሰቢያ፦ ባይናኩላር ቦሌ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፣ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ ጨርሶ አይሞከርም። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት።

መጀመሪያ ስትወጡ

ካያክ ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ መነሻው አጠገብ፣ ሰው እያያችሁ ተለማመዱ። መቅዘፊያውን በትከሻ ስፋት ያዙ። ጫፉን እግራችሁ አጠገብ ውሃ ውስጥ ክተቱ፣ እስከ ዳሌያችሁ ሳቡ፣ አውጡ። ክንድ ብቻ ከሳበ በአሥር ደቂቃ ይዝላል፤ ወገባችሁን አዙሩ። ወደ ቀኝ ለመዞር በግራ በኩል ሰፋ አድርጋችሁ ቅዘፉ። ለመቆም ወደ ኋላ ቅዘፉ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ። ወደ ኋላ መሄድን ደህና አድርጋችሁ ተማሩ፤ ፊላው ጋ ስንደርስ ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።

ሆን ብላችሁ ገልብጡትና መልሳችሁ ውጡ። ከተገለበጠ ጀልባውን አትልቀቁ። ቀጥ አድርጉት። በመሃሉ ጎን ሁኑና ሁለት እጃችሁን ላዩ ላይ አድርጉ። እግራችሁን ወደ ኋላ ዘርግታችሁ ውሃውን ደጋግማችሁ ምቱ፤ ሰውነታችሁ ሲንሳፈፍ በሆዳችሁ ተሳቡበት። ከዚያ ገልበጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ እግር መጨረሻ ይገባል። ይሄን ሁለቴ ያልሠራ ሰው ብቻውን ፊላው ጋ አይሂድ። እንደውም ማንም ብቻውን አይሂድ። ሁለት ካያክ ሲሆን አንዱ ይለቅማል፣ አንዱ ያያል።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የወፎቹ ነው

ማዳበሪያው ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ከፊላው 50 ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ዳር ዳሩን ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ሐይቁ ትንሽ ነው፤ ዙሪያው ወደ 3 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሁሉንም መዞር ግን ግዴታ የለባችሁም። አንድ ጥግ በደንብ ማየት ይበልጣል።

የሚታየው ብዙ ነው። ጥቁርና ነጭ የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ባለበት ክንፉን እያርገበገበ ይቆማል፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ደረቱ ላይ ያለውን ጥቁር መቀነት ቁጠሩ፦ ሁለት ከሆነ ወንድ ነው፣ አንድና መሃሉ የተቆረጠ ከሆነ ሴት ናት። የሱ ዘመድ የሆነው ትንሹ፣ ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ብርቱካናማ፣ ምንቃሩ ቀይ የሆነው ደግሞ የፊላ አገዳ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ካልበረረ አይታይም። ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀው ጥቁር ወፍ ኮርሞራንት ነው። ላባው ውሃ ስለሚጠጣ ከጠለቀ በኋላ ማድረቅ አለበት፤ ያን ጊዜ ከረበሻችሁት ርጥቡን ይበርራል፣ ይደክማል። ሳቢሳ ዳር ላይ እንደ ተተከለ እንጨት ትቆማለች። ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር ትልቅ ዛፍ ላይ ነው፤ ሲጮኽ ራሱን ወደ ኋላ ይወረውራል፣ ድምፁ ከገደሉ ወደ ገደሉ ይመታል። ያንን ድምፅ ጠዋት ውሃ ላይ ሆኖ የሰማ ሰው ለምን ማልዶ እንደተነሳ አይጠይቅም።

ለሥራችን ዋነኞቹ ግን ሁለት ናቸው። አንዷ ኩት ናት፦ መላ አካሏ ጥቁር፣ ምንቃሯና ግንባሯ ነጭ፣ በመራቢያ ጊዜ ግንባሯ ላይ ሁለት ቀይ እባጭ የሚወጣላት። ሁለተኛዋ እጅግ ትንሽ፣ ጅራት የሌላት የምትመስል ጠላቂ ናት። አሁን አይታችኋት አሁን የለችም። ሁለቱም ጎጆ የሚሠሩት ውሃው ላይ፣ ከአረምና ከፊላ ቅጠል ነው። ትንሿ ጠላቂ ደግሞ ተነስታ ስትሄድ እንቁላሎቿን በርጥብ አረም ትሸፍናቸዋለች። ለሚያየው ሰው የበሰበሰ የአረም ክምር ነው። እኔ የገለበጥኩት የሷን ነበር።

ስለዚህ በዚህ ግማሽ ሰዓት የምታደርጉት አንድ ነገር ነው፦ የት ብቅ እንደምትል፣ የት ደጋግማ እንደምትመለስ፣ አረም በአፏ ይዛ ወዴት እንደምትሄድ ማየት። ኩት ሌላውን ሁሉ ከአንድ ጥግ እያባረረች ከሆነ እዚያ ጎጆ አለ። በየትኛውም ወር ጎጆ ሊኖር ይችላል ብላችሁ ተነሱ። ያያችሁትን ቦታ አንድ ዛፍ ወይም ጣሪያ ምልክት አድርጋችሁ ያዙ። ከዚያ በ15 ሜትር ዙሪያ ያለ ቆሻሻ ዛሬ አይነካም።

ርቀቱን የሚነግራችሁ ራሱ ወፉ ነው። መብላቱን ካቆመና አንገቱን ቀጥ ካደረገ አይቷችኋል፣ ቁሙ። ዞሮ መዋኘት ከጀመረ ቀርባችኋል፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። እስኪበርር መጠበቅ አያስፈልግም።

ስሙን ያላወቃችሁትን ወፍ ስልካችሁ ላይ ባለው መርሊን በሚባለው ነፃ አፕ መለየት ይቻላል፤ ኢትዮጵያን የሚሸፍነውን ዝርዝር ማታ አውርዱት። የወፍ ድምፅ ግን በስልክ አታጫውቱ። ጎጆ ያላት ወፍ ተፎካካሪ መጣ ብላ እንቁላሏን ጥላ ትወጣለች።

መልቀም

አሁን ማዳበሪያውን ፍቱ። አፉን እግራችሁ መሃል አድርጉ፣ ከገላችሁ ጋር ግን በፍጹም አትሰሩት።

ክፍት ውሃ ላይ ካለው ጀምሩ። ነፋስ ወደ ፊላው የሚገፋው እሱ ነው፤ ቀድሞ የተያዘ ሃይላንድ ፊላ ውስጥ አይገባም። ፊላው ጋ ስትደርሱ በጀልባው አፍንጫ አትግቡ። ዞራችሁ በጀርባ ቅረቡ። አንድ ነገር ቢፈጠር፣ ንብ ቢነሳ፣ ወፍ ከሥራችሁ ብድግ ቢል፣ አንድ ጊዜ ወደፊት መቅዘፍ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ፊላውን አልፋችሁ ወደ ውስጥ አትግቡ። ከውጭ በዱላው የሚደረሰው ይበቃል።

ለማንሳት ስትሞክሩ ጀልባውን የሚገለብጠው እጅ ሳይሆን ጭንቅላት ነው። ደንቡ ይሄ ነው፦ አፍንጫችሁ ከጀልባው ጠርዝ አይለፍ። ካልደረሳችሁ ጀልባውን አስጠጉ እንጂ አትንጠራሩ። መቅዘፊያውን ጭናችሁ ላይ አጋድሙት፤ ተንሸራቶ ከሄደ ያለ እሱ መመለስ ጣጣ ነው።

እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ጠባይ አለው።

ሃይላንድ ከማንሳታችሁ በፊት ከሥሩ ገመድ እንዳለው እዩ። ዓሣ አጥማጆች ባዶ ሃይላንድ መረባቸው እንዳይሰምጥ ያስሩበታል። አንድ ጠዋት ሦስቱን በተከታታይ ላነሳ ስል አንድ ሽማግሌ ከታንኳቸው ላይ «ልጄ፣ ተው! እሱ እንጀራዬ ነው» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሳያቸው ቀድሜ ሰላም እላለሁ፣ የትኛው መረብ በሥራ ላይ እንዳለ፣ የትኛው ተበጥሶ እንደቀረ የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። የተበጠሰ መረብ ከሁሉም የከፋ ነው። ሰው ባይኖረውም መያዙን አያቆምም፤ ዓሣም ይይዛል፣ የጠለቀች ወፍም ይይዛል። ስታገኙት በኃይል አትጎትቱት። ካያኩን ይገለብጣል። ጫፉን ያዙ፣ በመቀስ በክንድ በክንድ ልክ እየቆረጣችሁ አስገቡ።

ባለቤት የሌለውን ሃይላንድ አንስታችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ትንንሽ ዓሣ ወይም ቀንድ አውጣ ይገባበታል። ውሃውን እዚያው ቀስ ብላችሁ ድፉት፣ ጨፍልቁት፣ ክዳኑን መልሱበት። ውሃ የሞላ ባለ ሁለት ሊትር ሁለት ኪሎ ነው፤ አሥሩን ሳትደፉ ብትጭኑ ሃያ ኪሎ ተሸክማችኋል።

ፌስታል አስቸጋሪው ነው። በአረም ይጠመጠማል፣ ያረጀው ሲነካ ይበጣጠሳል። አትሳቡት፤ ዱላውን አስገብታችሁ እንደ ፓስታ ጠቅልሉት። ከአረም ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን አረሙን አትንኩ። በመቀስ የታየውን ቆርጣችሁ ውሰዱ፣ ቀሪውን ተዉ።

ቆርኪና የተሰበረ ጠርሙስ ጀሪካኑ ውስጥ ይገባል። መርፌ ካያችሁ በእጅ አታንሱ፤ ቦታውን ይዛችሁ ለሪዞርቱ ኃላፊ ንገሩ። የሞተ ወፍም አይነካም፣ በጓንትም ቢሆን፣ በሽታ ይኖረዋል።

ስለ ሞተ ዓሣ ለብቻው ልናገር። በኅዳርና በጥር መካከል አንዳንድ ጠዋት ብዙ ዓሣ ተገልብጦ ሊንሳፈፍ ይችላል። ሰው መርዝ ተጣለ ብሎ ይደነግጣል። የቢሾፍቱ ጥልቅ ሐይቆች ላይ የታወቀ ነገር ነው። ሌሊቱ ሲበርድ የላዩ ውሃ ይቀዘቅዝና ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ይወጣል፣ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። እናንተ አትልቀሙት፣ ወስዳችሁም አትብሉት። ፎቶ አንሱና ለአካባቢው ዓሣ አጥማጆች አሳዩ፤ ያልተለመደ ከሆነ እነሱ ያውቁታል።

አንድ ማዳበሪያ ሲሞላ ተመለሱ። እኔ ሁለተኛውን የምይዘው አንደኛው ቢቀደድ ብዬ ነው። ሁለት የሞላ ማዳበሪያ የጫነ ካያክ ነፋስ ሲነሳ አይታዘዝም። ነፋስ ከቀደማችሁ መሃሉን አቋርጣችሁ አትምጡ፣ ዳር ዳሩን ተጠግታችሁ ኑ፤ የጎድጓዳው ግድግዳ ይከልላችኋል።

ከውሃ ስትወጡ

ማዳበሪያውን ሳር ላይ ሳይሆን ንጣፍ ላይ ዘርግፉ። ሃይላንዱን ለብቻ፣ ቆርቆሮውን ለብቻ፣ ቀሪውን ለብቻ። ሃይላንድ በኪሎ ይሸጣል፤ በየሰፈሩ የሚሰበስቡ ልጆች አሉ፣ ለነሱ ስጡ። ቀሪውን ማታ ወደ ተነጋገራችሁበት ቦታ ውሰዱ። እጅና እግር በንጹህ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ ቁርስ።

ቁርስ ላይ ደብተር አውጡ። እኔ ሦስት አምድ አለኝ። አንደኛው ያየሁት ወፍና ብዛቱ ነው። ይሄን ኢበርድ በሚባለው ድረ ገጽ ማስገባት ይቻላል፤ በነፃ ነው፣ የዓለም ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አለ፣ የሚቆጥረው ሰው ግን ጥቂት ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ፤ ለመሳተፍ የምትፈልጉ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ጠይቁ።

ሁለተኛው አምድ የለቀምኩት ነው፦ ሃይላንድ ስንት፣ ፌስታል ስንት፣ መረብ ስንት ክንድ፣ የት ጥግ። ሦስት አራት ጊዜ ከጻፋችሁ በኋላ ቆሻሻው በየትኛው ቦይ እንደሚወርድ ይገባችኋል። ያኔ ለሪዞርቱ ወይም ለቀበሌው «እዚህ ጋ መያዣ ይደረግ» ማለት ትችላላችሁ።

ሦስተኛው አምድ «የተውኩት» ይላል። በጎጆ ምክንያት ያልነካሁት ሁሉ እዚያ ይጻፋል፣ ከምልክቱ ጋር። ባለፈው ጥቅምት «ሰማያዊ ፌስታል፣ ከተጋደመው ግራር በስተግራ፣ ኩት ተቀምጣለች» ብዬ ጽፌ ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጎጆው ባዶ ነበር። ኩቷ ራቅ ብላ ከአራት ጫጩቶቿ ጋር ትመገባለች። ፌስታሉን በዱላ ጠቅልዬ አወጣሁት፣ መስመሩንም ሰረዝኩት።